የጃዝ ምርጥ ሸክላዎች፦ ምርጫውና መቅረጫው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)



የጃዝ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይኸውም እስከ ዛሬ ከታተሙት የጃዝ ሸክላዎች መካከል ከሁሉ የሚወደዱት፣ ቤት ቢቃጠል ቀድመው ሊወጡ የሚገባቸው የትኞቹ ናቸው የሚለው ነው። ጥያቄው ሲነሣ ሁሉም ዐሥር ስም ለመቁጠር ጣቱን ይዘረጋል፤ ሦስተኛው ጣት ላይ ሳይደረስ ግን ክርክር ይጀመራል። አንዱ የጥንቱ የኒው ኦርሊንስ ሙዚቃ ካልቀደመ አይሆንም ይላል። ሌላው ጃዝ ከ1959 በኋላ አብቅቷል ብሎ ይደመድማል። ሦስተኛው የማይልስ ዴቪስን ስም ጠርቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል።

ይህ የጣዕም ክርክር ስለሆነ ዳኛ የለውም ተብሎ ይታለፋል። በእርግጥ ጣዕም አለበት። ይሁን እንጂ በተለይ በመሐንዲሶች ማኅበር ዘንድ ሊታለፍ የማይገባው አንድ ነገር በውስጡ ይገኛል። ዐሥር ሸክላ የሚመርጥ ሰው ዐሥር ሙዚቀኞች የመረጠ ይመስለዋል እንጂ የመረጠው በመሣሪያ የተሠሩ ዐሥር ዕቃዎችን ነው። በሙዚቀኛው ትንፋሽና በአድማጩ ጆሮ መካከል ማይክሮፎን አለ፤ ቴፕ አለ፤ መቀስ አለ፤ የሸክላው ስፋትና የኩባንያው ውሳኔም አለ። ጃዝ ደግሞ በአንዲት ሰዓት ተፈጥሮ በዚያችው ሰዓት የሚጠፋ፣ ከፍሬ ነገሩ የሚበዛው በወረቀት ያልሰፈረ ሙዚቃ በመሆኑ፣ መሣሪያው ያላስቀረው ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለሆነም ምርጫው ፍትሐዊ እንዲሆን ከተፈለገ፣ እያንዳንዱ ሸክላ በምን መንገድ እንደተሠራ ማወቅ ከጆሮ ቀጥሎ የሚያስፈልግ ነገር ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ዕቃ የሰጠው ስም የተዋጣለት ነው። ሸክላ ይሠራል፣ ያገለግላል፣ ይሰበራል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ ከእጅ ካመለጠ እንደ ጀበና ይከሰከስ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው መነሣት ይገባል። በኒው ኦርሊንስ ከተማ የጃዝ አባት ከሚባሉት አንዱ በዲ ቦልደን የሚባል ኮርኔት ነፊ ነበር። በሰሙት ሰዎች ምስክርነት ድምፁ እጅግ ኃይለኛ ነበረ። በ1907 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ፤ እዚያው እንዳለ በ1931 ሞተ። ከሙዚቃው ዛሬ አንዲት ድምፅ እንኳ አልተገኘችም። ስለዚህ ቦልደን በማንኛውም የምርጦች ዝርዝር ውስጥ የለም። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ያልሰሙትንም የሚመርጥ የለም።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ዕድለኞች ናቸው፤ ዕድላቸው ግን በመጠን ነበር። በኤፕሪል 1923 የኪንግ ኦሊቨር ጓድ ከቺካጎ ተነሥቶ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ወደሚገኘው የጄኔት ኩባንያ ስቱዲዮ ሄደ። ስቱዲዮው ከባቡር ሐዲድ አጠገብ የተሠራ ስለነበር ባቡር ባለፈ ቁጥር ሥራ ይቋረጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ማይክሮፎን አልነበረም። ሙዚቀኞቹ በአንድ ትልቅ ቀንድ ፊት ይቆማሉ፤ ድምፃቸው በቀንዱ ውስጥ አልፎ ስስ ንጣፍ ያንቀጠቅጣል፤ ንጣፉ መርፌውን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌውም ሰሙን ይጭራል። ከዚህ በቀር ሌላ ረዳት የለም። ስለዚህ የድምፆቹ ሚዛን የሚጠበቀው በርቀት ብቻ ነበር። በዚያ ጓድ ሁለተኛ ኮርኔት ይነፋ የነበረው ወጣት ሉዊ አርምስትሮንግ ድምፁ ሌሎቹን ስለዋጠ ከሁሉም ኋላ ርቆ እንዲቆም መደረጉን የጓዱ ፒያኖ ተጫዋች የነበረችው፣ በኋላም ሚስቱ የሆነችው ሊል ሃርዲን ተናግራለች። ትልቁ ከበሮም መርፌውን ከቦዩ ያስወጣል ተብሎ ይከለከል ነበር፤ ከበሮ መቺው በእንጨት ቁራጭ ምት ይጠብቃል። እንግዲህ ዛሬ እነዚያን ሸክላዎች የሚሰማ ሰው «የዚያ ዘመን ከበሮ ደካማ ነበር» ቢል የሚፈርደው በሙዚቀኛው ላይ ሳይሆን በቀንዱ ላይ ነው።

በ1925 የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ሥራ ላይ ዋለ። አርምስትሮንግ ከዚያው ዓመት እስከ 1928 «ሆት ፋይቭ» እና «ሆት ሴቭን» በተባሉት ጓዶቹ ስም በቺካጎ የቀረጻቸው ሙዚቃዎች፣ ጃዝ የጓድ ጨዋታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው የፈጠራ ንግግር የሆነበትን ጊዜ ያመለክታሉ። ይሁንና አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። በጁን 1928 የተቀረጸው «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» ከሦስት ደቂቃ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ነገር ግን አርምስትሮንግ ብቻውን የሚነፋበት መግቢያው ብዙ ትራምፔት ነፊዎችን ዕድሜ ልክ ያስጠና ሆነ። የቦታ ጥበት ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ድልድይ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ግልጽ መሆን አለበት። አልበም የሚለው ቃል መጀመሪያ የሚያመለክተው እነዚህ የ78 ዙር ሸክላዎች በርከት ብለው የሚቀመጡበትን እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ ማኅደር ነበር። ስለዚህ «ከአልበሞች ሁሉ የሚበልጠው» ተብሎ በጥብቅ ከተጠየቀ የ1920ዎቹ አርምስትሮንግ ከውድድሩ ይወጣል፤ ምክንያቱም አልበም አልሠራም። ይህ ከሆነ ደንቡ የተሳሳተ ነው ማለት ነው። ተሰብስበው የታተሙት የሆት ፋይቭ ሸክላዎች ያልገቡበት ዝርዝር መሠረት የሌለው ፎቅ ይሆናል።

ሌላም ክፍተት አለ። በኦገስት 1942 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር በክፍያ ጉዳይ ከኩባንያዎቹ ጋር ተጣልቶ አባላቱ ሸክላ እንዳይቀርጹ አገደ። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ሁለቱ፣ ኮሎምቢያና ቪክተር፣ እስከ ኖቬምበር 1944 አልተስማሙም። ቢቦፕ የሚባለው አዲስ የጃዝ ስልት በኒው ዮርክ የምሽት ቤቶች ውስጥ የተወለደው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ በኋላ በሸክላ ሲሰሙ ከሰማይ የወረዱ መስለው የታዩት ልምምዳቸው ሳይቀረጽ ስላለፈ ነው።

በጁን 1948 የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረውን፣ በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ የሚይዘውን ሎንግ ፕሌይ አወጣ። በዚያው ዘመን ማግኔቲክ ቴፕ በስቱዲዮዎች ተስፋፋ። ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገሮች ተለወጡ፤ ሙዚቀኛው ረዘም አድርጎ እንዲናገር ተፈቀደለት፤ አዘጋጁም መቀስ አገኘ። የምርጦች ዝርዝሮች ሁሉ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚወፍሩበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚጠቀሰው ዓመት 1959 ነው። በኒው ዮርክ በሠላሳኛው ጎዳና ኮሎምቢያ ለስቱዲዮነት የያዘው አንድ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በኋላ ፈርሷል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ድምፅን የሚያስተጋባበት ልክ የተለየ ሕንፃ ነበር። በዚያ ዓመት በዚያ አንድ አዳራሽ ውስጥ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»፣ የቻርልስ ሚንገስ «ሚንገስ አህ ኡም»፣ የዴቭ ብሩቤክም «ታይም አውት» ተቀረጹ። ሦስቱም በየዝርዝሩ ይገኛሉ። «ታይም አውት» ፖል ዴዝመንድ የደረሰውንና በአምስት ምት የሚሄደውን «ቴክ ፋይቭ» ስለያዘ ጃዝ የማይሰማ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ሕንፃው ራሱ አንደኛው ሙዚቀኛ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ካይንድ ኦፍ ብሉ» ሰፋ ያለ ቃል ይገባዋል። የተቀረጸው በሁለት ቀን፣ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ነው። ከዴቪስ ጋር ጆን ኮልትሬንና ካነንቦል አደርሌይ በሳክስፎን፣ ቢል ኤቫንስ (በአንዱ ዜማ ዊንተን ኬሊ) በፒያኖ፣ ፖል ቻምበርስ በቤዝ፣ ጂሚ ኮብ በድራም ተሰልፈዋል። ዴቪስ ለሙዚቀኞቹ የሰጣቸው የተጻፈ ዜማ ጥቂት ነበር፤ የሰጣቸው በእያንዳንዱ ክፍል የሚጫወቱባቸውን የድምፆች ስልት ነው። የመጀመሪያው ዜማ «ሶ ዋት» 32 ቤት ሲኖረው፣ ዐሥራ ስድስቱ በአንድ ስልት፣ ስምንቱ ያው ስልት በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ የቀሩት ስምንቱ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ይሄዳሉ። የኢትዮጵያ አድማጭ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ቅኝት የሚል ቃል አለውና። አዝማሪ ማሲንቆውን በትዝታ ወይም በባቲ ቃኝቶ በዚያው ውስጥ እየተመላለሰ ሐሳቡን እንደሚያፈስ፣ እነ ዴቪስም ከኮርድ ወደ ኮርድ መሮጥን ትተው በአንድ ስልት ውስጥ ረጋ ብለው መናገርን መረጡ። ልዩነቱ የእኛ አገር ቅኝት በአምስት ድምፅ ሲቆም የእነርሱ ሰባት መሆኑ ነው።

ቢል ኤቫንስ በሸክላው ሽፋን ላይ በጻፈው ሐተታ ሥራውን በስስ ወረቀት ላይ ከሚሣል የጃፓን የቀለም ሥዕል ጋር አመሳስሎታል፤ ብሩሹ ካረፈ በኋላ እርማት የለም ለማለት ነው። ይህ ማለፊያ ምሳሌ ነው። ነገር ግን ኤቫንስ የማያውቀው ነገር በመሣሪያው ክፍል ውስጥ ተፈጽሞ ነበር። ማርች 2 ቀን ሁለት የቴፕ መቅረጫዎች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር፤ አንዱ ዋናው፣ ሁለተኛው መጠባበቂያው። ዋናው ከተወሰነለት ፍጥነት ጥቂት ዘግይቶ ይዞር ነበር። በዝግታ የተቀረጸ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፤ ድምፁም ከፍ ይላል። ስለዚህ የሸክላው አንደኛ ገጽ በሙሉ ከተጫወቱት ድምፅ ከፍ ብሎ ታተመ፤ ኤፕሪል 22 የተቀረጸው ሁለተኛው ገጽ ግን ትክክል ነበር። ከሸክላው ጋር አብረው ለመለማመድ የሞከሩ ሙዚቀኞች መሣሪያቸው ከሸክላው ጋር አልገጥም እያለ ያስቸግራቸው ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት መጠባበቂያው ቴፕ ወጥቶ ስሕተቱ እስኪታረም ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ዓለም ያፈቀረው፣ ከሁሉ የበለጠ የጃዝ ሸክላ ብሎ የመረጠው የትኛውን ነው? ዴቪስ የተጫወተውን ነው ወይስ መሣሪያው ያፈጠነውን? የታረመውን ሰምተው «የድሮው ይሻላል፣ ጉልበት ነበረው» የሚሉ አልጠፉም። ይህ የልማድ ጉዳይ ነው እንጂ የፍርድ ጉዳይ አይደለም። ሙዚቀኞቹ የመረጡት ፍጥነት የሙዚቃው አካል ነው፤ ሊመረጥ የሚገባውም የታረመው ቅጂ ነው። ለነገሩ የሸክላው ዝና በዚህ የሚናጋ አይደለም። በ2009 የአሜሪካ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይህን ሸክላ ለማክበር በ409 ድምፅ ያለ ምንም ተቃውሞ ወስኗል፤ በ2019 ደግሞ በዚያው አገር አምስት ሚሊዮን ቅጂ መድረሱ ተረጋግጧል። ከሙዚቀኞቹ የመጨረሻው፣ ጂሚ ኮብ፣ በ2020 አረፈ።

ኮልትሬን ኤፕሪል 22 ቀን ያን የረጋ ሙዚቃ ተጫውቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተቃራኒውን አደረገ። በሜይ መጀመሪያ ለአትላንቲክ ኩባንያ የቀረጸው «ጃይንት ስቴፕስ» ኮርዶቹ ያለ ዕረፍት የሚለዋወጡበት፣ ፍጥነቱም የሚያስደነግጥ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ቶሚ ፍላናጋን ተራው ደርሶ ሲጀምር ጣቶቹ መንገድ ይፈልጋሉ፤ ከዚያም ዜማውን ትቶ ኮርድ ብቻ እየነካ ይጨርሳል። ይህ አልተቆረጠም፤ እንዳለ ታተመ። ፍላናጋን በ1982 ያንኑ ዜማ እንደገና ቀርጾ በሚገባ ተጫውቶታል። የሁለተኛው ንጽሕና የማይካድ ቢሆንም፣ ዓለም የያዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ተገቢም ነው፤ አንድ አስቸጋሪ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚመስል የሚታይበት ሌላ ሸክላ ብዙ የለምና።

መቀሱ ግን ብዙ ቦታ ሠርቷል። ቴሎኒየስ መንክ በ1956 ለሪቨርሳይድ ኩባንያ «ብሪሊያንት ኮርነርስ» የተባለውን ዜማ ሲቀርጽ ከባድነቱ የተመሰከረላቸውን እነ ሶኒ ሮሊንስንና ማክስ ሮችን እንኳ አስቸገረ። ሃያ አምስት ጊዜ ተሞክሮ አንዱም ከዳር አልደረሰም። አዘጋጁ ኦሪን ኪፕኒውስ ከሙከራዎቹ እየቆረጠ ቀጠለው። በሸክላው ላይ የሚሰማው ሙዚቃ በአንድ ትንፋሽ ተጫውቶ አያውቅም ማለት ነው። «ሚንገስ አህ ኡም» ላይ ደግሞ መቀሱ የሠራው በተቃራኒው ነው፤ ከዜማዎቹ ብዙዎቹ ለቦታ ሲባል አጠሩ፤ ሙሉ መልካቸው የታተመው በ1979 ነው። የመጀመሪያው መቀስ ሐሳብን ለመፈጸም፣ ሁለተኛው ሸክላውን ለመሙላት የሠራ ስለሆነ በእኩል ሚዛን አይመዘኑም። የመንክ ሥራ እንደተቀጠለ ይወሰድ፤ የሚንገስ ግን ሙሉው።

ከሁሉም አስገራሚው የዱክ ኤሊንግተን ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኤሊንግተን ኦርኬስትራ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። ጁላይ 7 ቀን 1956 በኒውፖርት የጃዝ በዓል ላይ በ1937 ከደረሳቸው ሁለት ክፍል ካላቸው ዜማዎች አንዱን ሲያስጫውት፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንዛልቬስ ብቻውን እንዲገባ አደረገ። ጎንዛልቬስ ዙሩን ሃያ ሰባት ጊዜ እየደጋገመ ነፋ፤ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጨፈር ጀመረ፤ አዘጋጆቹ ረብሻ ይነሣል ብለው ፈሩ። ኤሊንግተን ከዚያች ሌሊት በኋላ እንደገና ተወለደ ቢባል ይቻላል።

ነገር ግን ጎንዛልቬስ የነፋው ወደ ኮሎምቢያ ማይክሮፎን ሳይሆን አጠገቡ ወደ ቆመው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ማይክሮፎን ነበር። በኮሎምቢያ ቴፕ ላይ ሳክስፎኑ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ሆኖ ቀረ። በሌሎቹም ዜማዎች ጉድለት ስለነበር፣ ሰኞ ዕለት ኦርኬስትራው ስቱዲዮ ገብቶ ብዙውን ክፍል እንደገና ተጫወተ፤ የሕዝብ ጭብጨባም ተጨመረበት። በዚያው ዓመት «ኤሊንግተን አት ኒውፖርት» ተብሎ ወጥቶ ከሸክላዎቹ ሁሉ በላይ ተሸጠ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው የበዓሉን ሌሊት የሰማ እየመሰለው ከፊሉን የስቱዲዮ ሥራ ሲሰማ ኖረ። በ1990ዎቹ የሬዲዮው ቴፕ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። ሁለቱ ቴፖች የተቀረጹት በሁለት ማይክሮፎን፣ በሁለት መሣሪያ ነው፤ አንዱም ስለ ሌላው አያውቅም። ባለሙያዎች ሁለቱን በጥንቃቄ አስማምተው አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ በማድረግ በ1999 በስቴሪዮ አወጡት። ጎንዛልቬስም ለመጀመሪያ ጊዜ በአድማጩ ፊት ቆመ። ይህ የሳክስፎን ተጫዋቹ ድል ብቻ አይደለም፤ በትዕግሥት ሠርተው ስማቸው እምብዛም የማይነሣ የድምፅ ባለሙያዎችም ድል ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ በ2005 ሌላ ስጦታ ሰጥቷል። መንክና ኮልትሬን በ1957 ለጥቂት ወራት አብረው ሲሠሩ የተቀረጸው ሙዚቃ ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 29 ቀን በካርኔጊ አዳራሽ ያቀረቡትን ግን ይኸው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ቀርጾ ምንም ሳይደረግበት ለአርባ ስምንት ዓመት ያህል ተቀምጦ ኖሯል። በ2005 ሲታተም ብዙ የምርጥ ዝርዝሮች እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። በ2018 ደግሞ ኮልትሬን በማርች 1963 የቀረጸው፣ የኩባንያው ቴፕ የጠፋ አንድ ሙሉ ሸክላ ከመጀመሪያ ሚስቱ ቤተሰብ ዘንድ ከተገኘ ቅጂ ታተመ። «የዘመናት ሁሉ ምርጥ» የሚለው አነጋገር በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ጊዜያዊ ነው።

ስለ ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ብዙ መናገር አያስፈልግም። ዲሴምበር 9 ቀን 1964 በኒው ጀርሲ በሩዲ ቫን ገልደር ስቱዲዮ በአንድ ምሽት ተቀረጸ፤ አራት ክፍል ያለው ጸሎት ነው፤ ሸክላው ሁለት ገጽ እንዳለው አውቆ የተሠራ ይመስላል። ቫን ገልደር በሙያው የዓይን መነጽር ሐኪም ነበር። ሥራውን የጀመረው በወላጆቹ ሳሎን ሲሆን፣ በ1959 ጣሪያው ከፍ ያለ የእንጨት ስቱዲዮ አሠራ። ከብሉ ኖት ሸክላዎች ብዙዎቹን ያወጣው እርሱ ነው። የኪት ጃሬት «ኮልን ኮንሰርት» ግን በሌላ ምክንያት ለመሐንዲስ ጆሮ ይጥማል። ጃንዋሪ 24 ቀን 1975 በኮልን ኦፔራ ቤት የቀረበለት የታዘዘው ትልቅ ፒያኖ ሳይሆን ትንሽ፣ ያረጀ፣ ከላይ ያሉት ድምፆቹ የቀጠኑ ፒያኖ ነበር። ጃሬት ከመካከለኛዎቹ ድምፆች ሳይርቅ፣ በግራ እጁ አንድ ምት እየደጋገመ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወተ። ፒያኖው ደኅና ቢሆን ኖሮ ያ ሙዚቃ አይኖርም ነበር።

ከላይ የተነገረው ሁሉ በትልልቅ ኩባንያዎች እጅ ያለፈ ሙዚቃ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ የመሣሪያውና የማሠራጫው ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። ሙላቱ አስታጥቄ በጅማ ከተማ ተወልደው በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ዌልስ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ማኅበራችን አንድ አባል አጣ፤ ሙዚቃው ግን አተረፈ። ከለንደን በኋላ በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው ከአፍሪካ የመጡ የመጀመሪያው ተማሪ ሆኑ። በ1966 በኒው ዮርክ ሁለት ሸክላዎች አወጡ፤ በ1972 እዚያው «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን ቀረጹ። በዚህ ሸክላ ላይ አምስት ድምፅ ያለው የኢትዮጵያ ቅኝት ዐሥራ ሁለት ድምፅ ካለው የምዕራባውያን ሥርዓት ጋር ሲገናኝ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ ይሰማል። ይህ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። ኮርዱ ጥቂት ከበዛ ቅኝቱ መልኩን ያጣል፤ ከጎደለ ደግሞ ጃዝነቱ ይቀራል። ሙላቱ በቪብራፎን፣ በኦርጋንና በፒያኖ ያስገኙት ሚዛን የተሰላ ነው።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ተወስኖ ሳለ፣ አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍረው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። የተቀረጸው ወደ ውጭ አገር እየተላከ ይታተም ነበር። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃውን አዳከመው፤ አቶ አምሃም በማግሥቱ ዓመት አገር ለቀው ሄዱ። ሸክላዎቹ በቁጥር ጥቂት ስለነበሩና ወደ ውጭው ገበያ ስላልወጡ፣ በኒው ዮርክና በለንደን የተዘጋጁት የምርጦች ዝርዝሮች ለሩብ ምዕተ ዓመት የሙላቱን ስም አያውቁም ነበር። በ1998 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ «ኤትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም አራተኛ ቅጽ አወጣቸው፤ በ2005 ዜማቸው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ። ሙዚቃው በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አልተሻሻለም። ያው የ1972ቱና የ1974ቱ ነው። የተለወጠው የሰሚው ብዛት ነው።

ኤሊንግተን ራሱ በኖቬምበር 1973፣ ይኸውም በኅዳር 1966 ዓ.ም.፣ ከኦርኬስትራው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ተቀብሏል፤ በቆይታውም ሙላቱ አስታጥቄ አጅበውታል። በማግሥቱ ዓመት በሜይ ወር አረፈ። እንግዲህ ከዝርዝሩ ራስጌ የሚቀመጠው ሰውና ዝርዝሩ ለብዙ ዘመን የረሳው ሰው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሳምንት ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

አሁን ዐሥሩን መጥራት ይገባል፤ አለዚያ ንግግሩ የማምለጫ መንገድ ይሆናል። የአርምስትሮንግ የሆት ፋይቭና የሆት ሴቭን ስብስብ ይቅደም። የኤሊንግተን ኒውፖርት ይከተል። የመንክ «ብሪሊያንት ኮርነርስ»፣ መንክና ኮልትሬን በካርኔጊ አዳራሽ፣ በታረመው ፍጥነት «ካይንድ ኦፍ ብሉ»፣ ሙሉው «ሚንገስ አህ ኡም»፣ ፍላናጋን የተደናቀፈበት «ጃይንት ስቴፕስ»፣ ከዚያም «ኤ ላቭ ሱፕሪም»፣ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»፣ በመጨረሻም «ኮልን ኮንሰርት»። ይህ ዝርዝር ኦርኔት ኮልማንን ትቷል፤ ሴቶችንም ትቷል፤ ይህ ሁለተኛው ከሁሉም ዝርዝሮች ጋር የሚጋራው ነውር ነው። የጃሬትን ቦታ ለአሊስ ኮልትሬን «ጆርኒ ኢን ሳትቺዳናንዳ» ወይም ለሜሪ ሉ ዊልያምስ «ዞዲያክ ስዊት» ለመስጠት የሚፈልግ አባል ተቃውሞ አይገጥመውም። የኤሊንግተንን ሸክላ የሚገዛ ሁሉ ግን ከሽፋኑ ጀርባ ዓመቱን ይመልከት፤ 1999 ካላለ ጎንዛልቬስ አሁንም ሩቅ ነው።